መሬት ሲንቀጠቀጥ የኒውክሌር ጣቢያ ምን ይሆናል? (የአያቴ ጥያቄ ነው)

የማጀቴዋ የልጅ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ የአያቴ ነው። እማማ የማጀቴ ሰው ናት። በ1953 ግንቦት ማብቂያ ላይ ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ካራቆሬም ያኔ ክፉኛ ተጎድታለች። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን በኩል መሬቱ ሲናጥ እዚህ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እኛ ስልካችን ላይ "ተሰማችሁ?" እያልን ስንጻጻፍ እሷ ጋቢዋን ደርባ ደጅ ቁጭ ብላለች። ቤት ውስጥ ግቢ ቢሏት አልሰማችም።

በ2018 መስከረም ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም የኒውክሌር ጣቢያ ለመሥራት ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ ሲባል በራዲዮ ሰማች። "መሬት ቢንቀጠቀጥስ?" አለችኝ። "ራሱ ይጠፋል እማማ፣ አውቶማቲክ ነው" አልኳት። ዝም አለች። ሁለተኛውን ቡና ጠጥታ ስኒውን ስታስቀምጥ "ጠፍቶስ?" አለች።

መልስ አጣሁ። የምታውቁ እስቲ።

ደገኛው

መጀመሪያ የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ይቀየር። ኒውክሌሩ ይደርሳል።

ጋሽ ምሰሶ (ጡረተኛ የመስመር ሠራተኛ)

ልጄ፣ አያትህ ባንድ ቃል ጨረሱት። ነገሩ ሁሉ ያለው "ጠፍቶስ" ላይ ነው።

የጃፓንን የፉኩሺማን ልንገርህ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ እሱ ያላነበብኩት የለም፣ ባለቤቴ "ጃፓኑ" እያለች ትጠራኛለች።

መጋቢት 2 ቀን 2003፣ ዓርብ ዕለት ነው። በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 8፡46፣ በእኛ ጠዋት 2፡46። መጠኑ 9 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። ፉኩሺማ ዳይቺ የሚባለው ጣቢያ 6 ሪአክተሮች (አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣባቸው ምድጃዎች በላቸው) ነበሩት፣ ሥራ ላይ የነበሩት ግን 3ቱ ናቸው። 3ቱም ወዲያው ራሳቸው ቆሙ። ለአያትህ ያልካቸው እስከዚህ ልክ ነው።

ነገር ግን መንቀጥቀጡ ከውጭ ወደ ጣቢያው የሚገባውንም መስመር አቋረጠው። ምሰሶ ወደቀ፣ የማከፋፈያ ዕቃ ተሰባበረ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤሌክትሪክ አመንጪው ራሱ ኤሌክትሪክ ይለምናል። ሪአክተሩ ቢቆምም መቀዝቀዝ አለበት። የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፣ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መስመሩ ሲሄድ የናፍጣ ጄነሬተሮቹ ተነሡ። እስከዚህም ደህና ነበር።

50 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ባሕሩ መጣ። ጣቢያው የተዘጋጀው 6 ሜትር ለማይሞላ ሱናሚ ነው። የመጣው ወደ 14 ሜትር ነው። ጄነሬተሮቹ አብዛኞቹ ምድር ቤት ነበሩ። ከ13ቱ የቀረው አንድ ብቻ፣ እሱም የ6ኛው ሪአክተር ነው።

ከዚያ በኋላ ጨለማ። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሪአክተሩን ውሃ ከፍታ የሚያሳየው ጌጅ እንኳን ሞተ። ሠራተኞቹ ምን አደረጉ? ግቢው ውስጥ ከቆሙ መኪኖች ባትሪ እየፈቱ ጌጁ ላይ ቀጠሉት። እኔ ይቺን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ!

አርብ ገበያ ነኝ

ጋሼ ይመችዎት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከቆመ ቆመ ነው፣ ለምን ይሞቃል? መኪና ሞተር አጥፍተህ ትሄድ የለ?

ጠመኔ (ፊዚክስ አስተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት)

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ፣ 11ኛ ክፍልን በየዓመቱ የምጠይቃቸው ጥያቄ ነው።

ሪአክተር ሲቆም የሚቆመው የአቶም መሰንጠቁ ነው። ነዳጁ ውስጥ ግን ከመሰንጠቁ የተረፉ ያልተረጋጉ ንጥረ ነገሮች ይቀራሉ። እነሱ እየፈረሱ ሙቀት ያወጣሉ። ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም፣ ማንም አያዛቸውም። በቆመ ቅጽበት የቀድሞው ሙቀት 6 ወይም 7 በመቶ ይቀራል። በማግስቱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል።

"ግማሽ በመቶ ምን አላት" ትሉኛላችሁ፣ ተማሪዎቼም ይላሉ። አብረን እናስላ። የፉኩሺማ 2ኛውና 3ኛው ሪአክተር ሲሠሩ እያንዳንዳቸው ወደ 2,400 ሜጋዋት ሙቀት ያመነጩ ነበር። ግማሽ በመቶው 12 ሜጋዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ ከ3,400 በላይ ምጣድ ማለት ነው። ጠባብ ዕቃ ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት፣ ክዳኑ ተገጥሞ። ውሃ ካላገኘ ውሃው ተንኖ ያልቅና ነዳጁ ይቀልጣል።

ለአያትህ ግን ረመጥ በላት። ማታ አመድ አልብሰሽ የተውሽው እሳት ጠዋት ስትገልጪው ቀይ ነው አይደል? እንደዚያ።

እትዬ ሙሉ ከአንኮበር

መምህርት፣ ረመጥ ውሃ ሲፈስበት ይጠፋል። ይሄኛው ይጠፋል?

ጠመኔ

ያዙኝ እትዬ። አይጠፋም። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይወስዳል እንጂ ምንጩን አያጠፋውም። ስለዚህ ውሃው መቋረጥ የለበትም፣ ለቀናት፣ ለወራት፣ ከዚያም በላይ። ምሳሌዬን አሻሽላለሁ።

ጋሽ ምሰሶ

መምህርት 3,400 ምጣድ ስትይ ጭነቱ ታየኝ፣ ፊውዙ እጄ ላይ የተቃጠለ ነው የመሰለኝ።

አንድ ነገር ዘልዬ ነበር። "ከ13 አንድ ጄነሬተር ቀረ" አልኩ። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው፣ የመስመር ሰው የሆነ ሁሉ ልብ ይበልልኝ። ባየር የሚቀዘቅዙ 3 ጄነሬተሮች ነበሯቸው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጡ። 3ቱንም ውሃው አልነካቸውም! ግን የሁለቱ ፓኔል፣ ኃይሉን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ምድር ቤት ነው። እሱ ሰጠመ። ጄነሬተሩ ደኅና፣ ናፍጣው ሙሉ፣ የሚያመነጨውን የሚቀበለው የለም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ቦታ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ሕመምተኛ የሚተኛበት ቦታ ነው፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል። ጄነሬተሩ ሲሚንቶ መድረክ ላይ ወደ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ያማረ ነው። ቼንጅኦቨሩ (ከመስመር ወደ ጄነሬተር የሚቀይረው ማብሪያ) እና ፓኔሉ ግን ደረጃ ወርደው የሚገቡበት መጋዘን ውስጥ። "ለምን?" ስል "እዚያ ቦታ ስለነበረ" አሉኝ። ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። ጄነሬተሩን አስነሣነው፣ ቱር ቱር ይላል፣ አንድ አምፖል አያበራም። በመጨረሻ ከጄነሬተሩ ቀጥታ ገመድ ዘርግተን ማዋለጃ ክፍሉን ብቻ አበራን። ሲነጋ ሁለት ልጅ ተወልዷል። አንደኛው ብርሃኑ ተባለ አሉ፣ እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጄነሬተር አለን" የሚለኝን ሰው "ፓኔሉ የት ነው?" እለዋለሁ።

ሰሞነኛ

እኔ የማውቀው ፉኩሺማ እንደ አቶም ቦምብ ፈነዳ ነው። ቪዲዮው አለ። ምን ታድበሰብሳላችሁ?

ጠመኔ

ፍንዳታ ነበር፣ አቶም ቦምብ አልነበረም። የነዳጁ ዘንግ ልባሱ ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ነው። በጣም ሲሞቅ ከእንፋሎቱ ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅኑ ጣሪያ ሥር ተጠራቀመና ከአየር ጋር ሲገናኝ ፈነዳ። መጋቢት 3 አንደኛው ሪአክተር፣ መጋቢት 5 ሦስተኛው፣ መጋቢት 6 አራተኛው ሕንፃ። አራተኛውማ ሥራ ላይ እንኳን አልነበረም፣ ጋዙ ከጎረቤቱ ከ3ኛው በቱቦ ገብቶበት ነው።

የሰው ጉዳቱን በተመለከተ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። በመንቀጥቀጡና በሱናሚው የሞተውና የጠፋው ከ18,000 በላይ ነው። በጨረር ምክንያት ሞተ ብሎ የጃፓን መንግሥት የተቀበለው አንድ ሠራተኛ ነው፣ የሳንባ ካንሰር ይዞት፣ እ.ኤ.አ. በ2018። ከቤቱ የተፈናቀለው ግን ከ150,000 በላይ ነው። ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መጦሪያ በጥድፊያ ሲወሰዱ መንገድ ላይ የሞቱ አሉ። ጨረሩን ብቻ የቆጠረ ሰው ግማሹን ነው የቆጠረው።

አርብ ገበያ ነኝ

እሺ ጋሼ፣ መብራቱ እንዴት ተመለሰ? ጃፓን ያላት ጄነሬተር መኪና አይቆጠርም። ጭኖ ማምጣት ነው።

ጋሽ ምሰሶ

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያልኩት። ጄነሬተር የጫኑ መኪኖች ከየአቅጣጫው ተላኩ። መንገዱ ተሰንጥቋል፣ በሚሸሽ ሰው ተጨናንቋል። በሄሊኮፕተር አንጠልጥለን እንውሰድ ተባለ፣ ክብደቱ አይቻልም። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዶ ሁለት ከባድ መኪና ከተጋጨ ስንት ሰዓት እንደምንቆም ታውቃለህ። ያንን አስብና መሬቱም እየተንቀጠቀጠ ነው በል።

ሌሊት ላይ ደረሱ። ደርሰውስ? ፓኔሎቹ ሰጥመዋል፣ የት ይሰኩት? ፈልገው ፈልገው 2ኛው ሪአክተር ጋ ያልሰጠመ አንድ ማከፋፈያ አገኙ። ገመዱን መዘርጋት ጀመሩ። ወፍራም ነው፣ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፣ በማሽን የሚዘረጋ። በእጅ ጎተቱት። ጨለማ ነው፣ ሱናሚው የነቀለው የጉድጓድ ክዳን ሁሉ ክፍት ነው፣ በየመሐሉ "ሌላ ማዕበል መጣ" እየተባለ ይሮጣሉ። በማግስቱ ገጥመው ጨረሱ። ከቀኑ 9፡36 ላይ አንደኛው ሕንፃ ፈነዳ፣ ፍርስራሹ ገመዱን ቆረጠው።

ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ገመድ ጎትቶ የማያውቅ ሰው አይገባውም።

ከውጭ ያለው መስመር ተጠግኖ ወደ 1ኛውና 2ኛው ሪአክተር የደረሰው መጋቢት 11 ነው። ዘጠኝ ቀን! በመሐሉ የሠራው የእሳት አደጋ መኪና ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ፣ እሱ ሲያልቅ የባሕር ውሃ።

ብርድ ለመደኝ (ደብረ ብርሃን)

የባሕር ውሃውን ነገር እኔ ልጨምር፣ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ማሳኦ ዮሺዳ ይባላል። ጨው ውሃ ከገባ ሪአክተሩ ለዘላለም ተበላሸ ማለት ነው። ከቶኪዮ በቪዲዮ ስብሰባ "አቁሙ፣ ገና ፈቃድ አልተገኘም" አሉት። ሰውየው አስቀድሞ ፓምፑን የያዘውን ልጅ ጠጋ ብሎ "አሁን አቁም እልሃለሁ፣ እንዳታቆም" አለው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ ጮክ ብሎ "አቁሙ!" ብሎ አዘዘ። ውሃው ቀጠለ።

ቶኪዮዎች ሰሙን ይዘው ቀሩ፣ ወርቁን ፓምፕ የያዘው ልጅ ወሰደ። ዮሺዳ ከአደጋው ሁለት ዓመት በኋላ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ሞተ፣ በ58 ዓመቱ። ሕመሙ ከጨረሩ ጋር አይያያዝም ተብሏል፣ በጣም ፈጥኖ የመጣ ስለሆነ።

ደገኛው

ቀልዴን ትቼ ልጠይቅ። እዚያው አጠገብ ያልተጎዳ ጣቢያ አልነበረም?

ጋሽ ምሰሶ

ነበረ፣ ሁለት ልንገርህ።

አንደኛው ፉኩሺማ ዳይኒ ነው፣ ከዳይቺ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ደቡብ። 4 ሪአክተሮች አሉት። እሱንም ሱናሚው መታው፣ 3ቱ ማቀዝቀዣቸውን አጡ። ግን ከውጭ የሚመጣ አንድ መስመር ተረፈላቸው። አንድ! ባለ መብራቱ ሕንፃ ከሚፈለጉት ፓምፖች ሩቅ ስለነበረ 9 ኪሎ ሜትር ገመድ መዘርጋት አስፈለገ። 200 ያህል ሰው ተሰለፈ፣ እንደ ደቦ። 200 ሜትሩ ገመድ አንድ ቶን ገደማ ይከብዳል። በትከሻቸው ተሸክመው አንድ ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ጨረሱት። በደኅናው ቀን ወር የሚፈጅ ሥራ ነው። ከመሐል ደግሞ አንደኛው ሪአክተር ውስጥ ያለው ግፊት ከሌሎቹ ፈጥኖ እየጨመረ መሆኑ ታየ። ሥራ አስኪያጁ ናኦሂሮ ማሱዳ የደከመውን ሰው ሁሉ "መንገዱን ቀይሩ" አለው። ቀየሩ። መጋቢት 6 ጠዋት 4ቱም ተረጋግተዋል። ስሙን ስንት ሰው ያውቀዋል? ያልፈነዳ ጣቢያ ዜና አይሆንም።

ሁለተኛው ኦናጋዋ ነው። እንዲያውም ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው። ከ5 መስመር አንድ ተረፈለት። ግቢው ሲሠራ ወደ 15 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተሠራው። ያኔ ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል መሐንዲስ "የድሮ ሱናሚ ታሪክ አለ፣ ከፍ አድርጉ" ብሎ ሙጥኝ አለ ይባላል። የመጣው ማዕበል ወደ 13 ሜትር ነው። ቤታቸው የተወሰደባቸው ከ300 በላይ የሰፈር ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው፣ ስፖርት አዳራሹ ውስጥ።

እትዬ ሙሉ ከአንኮበር

የሽማግሌ ቃል የሰማ ተረፈ ማለት ነው። እኛ ጋ ስለ 1953ቱ የሚያወራ ሽማግሌ ስንት ቀረ? ቃላቸውን ቅዱ ልጆች፣ ስልክ አላችሁ።

የየሬቫን ተማሪ ልጅ

ለሌላው ወገንም ልናገር። አባቴ ሶቪየት ኅብረት ነው የተማረው፣ ከአርመን ጓደኞቹ ጋር እስካሁን ይጻጻፋል። ኅዳር 1981 አርመን ውስጥ ስፒታክ ላይ መንቀጥቀጥ መጣ፣ ወደ 25,000 ሰው አለቀ። ሜትሳሞር የሚባለው የኒውክሌር ጣቢያቸው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር፣ አልተጎዳም። ግን በፍርሃት ዘጉት። ከዚያ ጦርነትና የነዳጅ እገዳ ተጨመረና ዋና ከተማው የሬቫን የብርዱን ወራት በቀን ጥቂት ሰዓት መብራት እያገኘ ከረመ። የአባቴ ጓደኛ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች፣ ፒያኖዋን ፈልጣ አንድዳለች። እ.ኤ.አ. በ1995 አንዱን ሪአክተር መልሰው አስነሡት።

አይሠራ ማለት ቀላል ነው፣ የአለመኖሩንም ዋጋ ግን የሚከፍል አለ። ሸዋ ውስጥ በከሰል ጭስ ዓይኗ የጠፋ እናት ስንት አለች?

ብርድ ለመደኝ

ልክ ነህ። ግን የእኛ ጥያቄ "ይሠራ ወይስ አይሠራ" ብቻ መሆን የለበትም። የአገሩ የኤሌክትሪክ መረብስ? አንድ ማመንጫ ብቻውን ከመረቡ ጠቅላላ ኃይል 10 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል፣ ምክንያቱም ድንገት ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ይዞ እንዳይወድቅ። ወድቆ መላ አገሩ ከጨለመ ደግሞ ሪአክተሩ ከውጭ የሚለምነው መብራት የለም። ወደ ጋሽ ምሰሶ ነገር ተመለስን ማለት ነው።

ጃፓን እንኳን ከዚያ በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በፈረቃ መብራት ታጠፋ ነበር። የጃፓን ምዕራቡ ክፍል ትርፍ ኃይል ነበረው፣ ማሻገር ግን አልቻሉም። የኤሌክትሪኩ ምት ምሥራቁ በሴኮንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ)፣ ምዕራቡ 60 ጊዜ (60 ኸርዝ) ነው። አንደኛው ከተማ ድሮ ማሽን የገዛው ከጀርመን፣ ሌላው ከአሜሪካ። ከመቶ ዓመት በላይ አንዱ ከአንዱ ሳይገጥም ኖረ። መሐላቸው ያሉት መቀየሪያዎች ያኔ የሚያሻግሩት ወደ 1,000 ሜጋዋት ብቻ ነበር።

ሰሞነኛ

እሺ ይሁን። አሁን ፉኩሺማ አልቆለታል?

ጠመኔ

ሪአክተሮቹ ተረጋግተዋል ተብሎ የታወጀው ታኅሣሥ 6 ቀን 2004 ነው፣ ከ9 ወር በኋላ። የቀለጠው ግን እዚያው ነው። 880 ቶን ገደማ ይሆናል። በ2017 ጥቅምት እየረዘመ በሚገባ ዘንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ናሙና አወጡ፣ ከአንድ ግራም በታች። አንድ ግራም!

የማጀቴዋ የልጅ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩላት። ረመጡን ወዲያው ገባት። የፓኔሉን ነገር ሳሰማት "ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ባለትዳር ነው?" ብላለች፣ ጋሽ ምሰሶ ይጠንቀቁ። የ9 ኪሎ ሜትሩን ገመድ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። "የት ሊያደርጉት ነው? ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፣ ገመዱም ሁለት ሦስት ይሁን" አለች። ቦታውን የሚመርጡት እሷን ቢያማክሩ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ማንም ያላነሣውን ጠየቀች። "ሰዎቹ ምን በሉ?"

ጋሽ ምሰሶ

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ባለትዳር ነኝ በላቸው።

የበሉትን አንብቤያለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ጠዋት ብስኩትና የአትክልት ጭማቂ፣ ማታ ፈጥኖ የሚደርስ ሩዝና የቆርቆሮ ምግብ። ምሳ የለም። የሚተኙት መንቀጥቀጥ እንዲችል ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ኮሪደር ላይ፣ ወለል ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሰው። ያ ሕንፃ ያለቀው ከአደጋው 8 ወር በፊት ነው። እሱ ባይኖር የሚያድሩበትም አልነበራቸውም።

የማጀቴዋ የልጅ ልጅ

ነገርኳት። በ1953 እነሱ ሜዳ ላይ ሲያድሩ ዘመድ ከመንዝ በአህያ ቆሎ ጭኖ መጣልን አለች። ለጃፓኖቹ ቆሎ የሚልክ ዘመድ አልነበራቸውም ወይ ትላለች።

ጋሽ ምሰሶ

መንገዱ ተቆርጦ ነበር በላቸው።